የ1868 የጉዞ ማስታወሻ፣ «ቅጽ አንድ» ይላል፤ ቅጽ ሁለቱ የት አለ?

ጓሳ፦
ጤና ይስጥልኝ። እጄ የገባው በፈረንሳይኛ የተጻፈ አሮጌ መጽሐፍ ነው። የፊት ገጹ አርኖ ዳባዲ፣ «በላይኛው ኢትዮጵያ የአሥራ ሁለት ዓመት ቆይታ»፣ ቅጽ አንድ፣ ፓሪስ፣ ሃሼት፣ 1868 ይላል። ሁለተኛው ቅጽ የትም የለም። አንዳንድ ዝርዝር ላይ ደግሞ በሌላ ዳባዲ ስም ተመዝግቧል። ገጽ እንዳልጎደለው በምን ላረጋግጥ? ጀርባው በብል ተበስቷል፤ መሀል ላይ ጫፋቸው ያልተቆረጠ ሉሆችም አሉ።

የብራና ወዳጅ፦
የ1868 ቅጽ ሁለት አይፈልጉ፤ አልታተመም። ደራሲው በሕይወት እያለ የወጣው ይኸው የያዙት ብቻ ነው። አርኖ በ1893 ሲሞት ቀሪው ገና የእጅ ጽሑፍ ነበር፤ ለኅትመት የበቃው ከ1980 ጀምሮ በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት በኩል ነው። ስለዚህ ቅጂዎ ጎዶሎ አይደለም። ታሪኩ ለመቶ ዓመት ያህል ተረስቶ የቆየበት አንዱ ምክንያትም ይህ ይመስለኛል፦ አንባቢ መጀመሪያውን ብቻ አግኝቶ ቀረ።

የስሙ ግራ መጋባት ከወንድማማቾቹ የመጣ ነው። አንቷን ታላቅ፣ አርኖ ታናሽ ናቸው፤ ሁለቱም ደብሊን ተወልደው በ1838 ምፅዋ ገቡ። በፈረንሳይኛ የሁለቱም ስም በአንድ ፊደል ስለሚጀምር «ኤ. ዳባዲ» ተብሎ ባጭሩ ሲጻፍ ይምታታል። ካርታ ልኬቱ፣ የብራና መጻሕፍቱ ስብስብና የ1881ዱ የአማርኛ መዝገበ ቃላት የአንቷን ናቸው። አርኖ ግን ጎጃም ከደጃዝማች ጎሹ ዘንድ ተቀምጦ ዘመነ መሳፍንትን ከግቢ ውስጥ ያየ ሰው ነው። የእርስዎ መጽሐፍ የእሱ ነው፤ ለእኛ አንባቢ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ይህ ነው እላለሁ።

ገጽ ለመቁጠር የገጹን ቁጥር ብቻ አይመኑ። ግርጌውን ይዩ፦ እንዲህ ያሉ የፈረንሳይ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ በ16 ገጽ እየታጠፉ የተሰፉ ናቸው፤ የእያንዳንዱ እጥፍ የመጀመሪያ ገጽ ግርጌ ላይ ትንሽ ቁጥር አለች። ገጽ 17 ላይ 2፣ ገጽ 33 ላይ 3፣ ገጽ 49 ላይ 4 እያለ ይሄዳል። አንዷ ከተዘለለች ሙሉ እጥፍ ወልቋል ማለት ነው። ማውጫውንም መጨረሻ ላይ ይፈልጉት፤ ፈረንሳዮች ከፊት አያስቀምጡትም። የኋላ ሽፋኑ የተገነጠለ ቅጂ ብዙ ጊዜ ማውጫውንም ያጣል።

ሙጫና ስፌት፦
መጀመሪያ ብሉ ሕያው መሆኑን ይለዩ። መጽሐፉን ጥቁር ወረቀት ላይ ሳይነኩ ለአንድ ሳምንት ያስቀምጡት። ከቀዳዳው ሥር እንደ ዱቄት የላመ ነጣ ያለ ብናኝ ከወረደ ውስጥ እየበላ ነው። ያኔ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ አሽገው ከዜሮ በታች 18 ወይም 20 ዲግሪ በሚያወርድ ማቀዝቀዣ ሁለት ሳምንት ያቆዩት። ሲያወጡት ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ፕላስቲኩን ወዲያው ከከፈቱ የክፍሉ እርጥበት ቀዝቃዛው ወረቀት ላይ ውሃ ሆኖ ይቀመጣል፤ ቀጥሎ ሻጋታ ነው። እንደታሸገ 24 ሰዓት ይቆይ። የቆዳ ሽፋን ካለው ግን ከማቀዝቀዝዎ በፊት ባለሙያ ይጠይቁ።

ያልተቆረጡት ሉሆች የሚያሳዩት ያን ክፍል እስከ ዛሬ ማንም እንዳላነበበው ነው። በጣት ወይም በምላጭ አይክፈቷቸው፤ ጣት ይቦጭቃል፣ ምላጭ ወደ ጽሑፉ ይስታል። ደነዝ የአጥንት ወይም የእንጨት ቢላ እጥፉ ውስጥ አስገብተው፣ ከእጥፉ ሳይርቁ፣ ቀስ ብለው ወደ ውጭ ይግፉ። ስኮች በፍጹም አይለጥፉ፤ ሙጫው ጊዜ ሲያልፍ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ዘልቆ ይገባል።

ጓሳ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ብናኝ የለም፣ ግርጌው ላይ ያሉት ቁጥሮችም ሳይዘለሉ ተያይዘዋል። አሁን የቸገረኝ ስሞቹን መለየትና ዓመቱን ወደኛ መመለስ ነው።

ዘመን ቆጣሪ፦
ስሞቹን በእንግሊዝኛ ልማድ አያንብቡ። በፈረንሳይኛ ‹ሲ› እና ‹ኤች› ፊደላት ሲገናኙ «ሽ» ናቸው እንጂ «ች» አይደሉም፤ «ች» እንዲሆን ከፊታቸው ‹ቲ› ይጨመራል። «ጎሹ»ን «ጎቹ» ብለው ካነበቡ መቼም አያገኟቸውም። ‹ኦ› እና ‹ዩ› ሲገጥሙ «ኡ»፣ ‹ዲ› እና ‹ጄ› ሲገጥሙ «ጅ»፣ ‹ጂ› እና ‹ኤን› ሲገጥሙ «ኝ»። ጠበቅ ያሉትን የ«ጰ»፣ የ«ጠ» እና የ«ቀ» ድምፆች ግን ፊደሉ አይለይም፤ እዚያ የቦታውን ስም ከካርታ ጋር ማመሳከር ግድ ነው።

ዘመኑ የፈረንጅ ነው። ከጃንዋሪ 1 እስከ ዕንቁጣጣሽ ዋዜማ 8፣ ከዕንቁጣጣሽ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ይቀንሱ። ቀን ሲቆጥሩ አንድ ወጥመድ አለ፦ በ19ኛው መቶ ዘመን መስከረም 1 በአብዛኛው ሴፕቴምበር 10 ነበር የሚውለው፣ እንደ ዛሬው 11 አይደለም፤ ፈረንጆቹ 1900ን ያለ ተጨማሪ ቀን ስላሳለፉት ነው የተዛነፈው። ደጃዝማች ጎሹ ጉር አምባ ላይ የወደቁበትን ኖቬምበር 27 ቀን 1852 ብንወስድ ኅዳር 19 ቀን 1845 ዓ.ም. ይሆናል፤ በዛሬው ሥሌት ቢመልሱት ኅዳር 18 ይመጣብዎታል።

ጽሑፉን ለመፈለግ ከሆነ መጽሐፉን ጨፍልቀው ስካን አያድርጉት። የ1868ቱ እትም የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ በሆነው ጋሊካ ላይ በነፃ ስላለ እዚያ ቃሉን ይፈልጉ፣ ከዚያ ገጹን ከእርስዎ ቅጂ ያውጡ።