የሸክላ ማጣሪያው በሳምንት ይደፈናል፤ ከፊቱ ምን ላስቀድም?

ጤና ይስጥልኝ፣ ከጎንደር ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የምንጠቀመው ከሮቶ ነው። ከተቋረጠ በኋላ መጀመሪያ የሚወርደው ሻይ ይመስላል፤ ነጭ ባልዲ ውስጥ ሲያድር ከስሩ ቡናማ ደለል ይተኛል። የሸክላ ሻማው (ውሃው የሚያልፍበት የማጣሪያው ክፍል) በሳምንት ይደፈናል፣ በስፖንጅ በታሸ ቁጥርም እየሳሳ ነው።

ከሮቶው በታች ባለ 5 ማይክሮን (ቀዳዳው የሚሊሜትር 5 ሺኛ የሆነ) የደለል ማጣሪያ ልገጥም አስቤያለሁ። ግን ሮቶው ከቧንቧው በ4 ሜትር ብቻ ነው የሚበልጠው፣ ማለትም 0.4 ባር ገደማ። በዚህ ግፊት ያሳልፋል ወይስ 20 ማይክሮን ላስቀድም? ሻጩ አርኦ (ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን አሳልፎ ጨው ጭምር የሚያጣራ) ግዛ ይላል፤ እሱማ ያለ ፓምፕ አይሆንም። ያሳየኝ የቲዲኤስ መለኪያም የሟሟ ጨው እንጂ ጀርም አይለካም።

ሌላው፣ ሮቶው ውስጥ ጀርም እንዲገድል ክሎሪን ብጨምር የከሰል ማጣሪያ ክሎሪኑን ይበላዋል፤ ታዲያ ከሰሉን መጨረሻ ላይ ላድርገው ወይስ ይቅርብኝ?