አያቴን በዘይት ቀለም ስስል ፊቷ አመድ ሆነብኝ፣ እርዱኝ

ሰላም ጎበዞች፣ ጎንደር ነኝ፣ በዘይት ቀለም መሳል ከጀመርኩ ሶስት ወሬ ነው፣ ከዛ በፊት እርሳስና ከሰል ብቻ ነበር። አያቴን በረንዳ ላይ ነጠላዋን እንደለበሰች አስቀምጬ በኢምፕረሽኒስት ስታይል (ብርሃኑን ጠብ ጠብ በሚሉ የብሩሽ ምቶች በሚያሳየው አሳሳል) ልስላት ብዬ፣ ብርሃን የመታው ጎኗ ምንም አይልም፣ ጥላው ጋ ስደርስ ቡኒው ላይ ጥቁር ጠብ አደርጋለሁ አመድ የነሰነሱባት ትመስላለች፣ ላስተካክል ብዬ ባሸሁት ቁጥር ደግሞ ጭቃ። አይታው "ታምሜ ነው እንዴ?" አለችኝ 😂

መልስ 1፦
ጥቁሩን ቱቦ ደብቀው። ጥቁርና ነጭ ሲገናኙ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ነው የሚወጣው፣ አመዱ እሱ ነው። በርንት ሲዬና (ቀላ ያለው ቡኒ) እና አልትራማሪን ሰማያዊ ቀላቅል፣ ሲዬናው ሲበዛ ሞቅ ይላል፣ ሰማያዊው ሲበዛ ይቀዘቅዛል። ደሞ ነጠላ ለብሳለች ብለሃል፣ ነጠላው ብርሃኑን መልሶ አገጯ ስር ይረጨዋል፣ እዛ ጋ ያለው ጥላ እንዳሰብከው ጨለማ አይደለም። አይንህን ጨፈን አድርገህ እየው።

መልስ 2፦
ልክ ነው ግን ወንድሜ ዋናው ጥፋትህ ማሸቱ ነው። ሰፋ ባለ ብሩሽ አንዴ አሳርፈህ እጅህን አንሳ፣ ብሩሹን ጥረግ፣ ቀጣዩን ቀለም አጠገቡ አሳርፍ፣ ከራቅ ብሎ የሚያየው ሰው አይን ራሱ ያዋህደዋል። እኛ ከልጅነታችን የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ መላእክት እያየን ስላደግን ፊት ሁሉ በመስመር የተከበበ ይመስለናል (እኔም አመት ፈጅቶብኛል)፣ እዚህ ግን መስመር የለም፣ ቀለም ከቀለም ጋር ነው የሚገናኘው። ያልተጨረሰ ነው ቢሉህ አትደንግጥ፣ ይሄን አሳሳል የጀመሩት እነ ሞኔም በ1874 ፓሪስ ላይ የመጀመሪያ ኤግዚቢሽናቸውን ሲያሳዩ ተስቆባቸዋል።

መልስ 3፦
ሰአቱስ? ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰአት ሳልና አቁም፣ ከዛ በኋላ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ የአይን ጉድጓዱን ታጠቁረዋለች። በማግስቱ በዛው ሰአት ተመለስ። የመጀመሪያውን ንብርብር በተርፐንታይን አቅጥነው፣ ዘይት የበዛበት ከላይ ይሁን፣ አለበለዚያ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለቀለም የሚሆነው ሊንሲድ የሚሉት ዘይት ያው የተልባ ነው፣ ግን የተጣራውን ግዛ እንጂ ከጓዳ እንዳታመጣ።

ጠያቂው፦
ተባረኩ! አገጯ ስር እውነትም ቢጫ ነገር አየሁ፣ ስንት ቀን አፍጥጬበት አላየሁትም ነበር። አመዱ ጠፍቷል። አያቴ አሁን ደሞ "አፍንጫዬን አሳበጥከው" ብላ ይዛኛለች።