ሺአ በተር ለልጅ ችፌና ለፊት ይሆናል?

የቤዛ እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ያልተጣራ ሺአ በተር (ከሺአ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ የቆዳ ቅባት) ይዛልኝ መጣች። ገርጣ ያለ ቢጫ ነው፣ ጭስ ጭስ ይሸታል፣ በጣት ሲያሹት እንደ አሸዋ ይቆረቁራል። ተበላሽቶ ይሆን? የ3 ዓመት ልጄ የክርኗ እጥፋት ላይ ችፌ አለባት፤ የጥቅምት ብርድ ደግሞ አባሰባት። እኔም ፊቴን ልቀባው አስቤያለሁ፣ ግን ብጉር ያስቸግረኛል።

የጋምቤላ ልጅ፦ እህቴ፣ የጭሱ ሽታ አያስፈራሽ። ፍሬው ተቆልቶ ይፈጫል፣ ከውሃ ጋር ይፈላል፣ ከላይ የሚንሳፈፈው ቅባት ይቀዳል፤ ሽታው ከዚያ ነው። ዛፉ እኛም ጋ በዱር ይበቅላል። የኛው ዝርያ ከምዕራብ አፍሪካው ይለሰልሳል፣ በሙቀት ቶሎ ይቀልጣል። እንደ ከረመ ዘይት ከሰነፈጠሽ ግን ጣይው።

ሮማን፦ የሚቆረቁረው ቀልጦ ቀስ እያለ ሲረጋ ነው፤ አልተበላሸም። ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጠሽ አቅልጪውና ቶሎ ፍሪጅ አስገቢው፣ ይለሰልሳል። በቀጥታ እሳት ላይ እንዳትጥጂው። ስትቀጂም በደረቅ ማንኪያ ይሁን።

ፋርማሲ የምሠራ፦ የልጅቷ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሺአ ችፌ አያድንም፤ ሥራው ቆዳ ውስጥ ያለው እርጥበት እንዳያመልጥ መሸፈን ነው። ስለዚህ ደረቅ ቆዳ ላይ ብትለቀልቂው ብዙም አይረዳት። ለብ ባለ ውሃ አጥቢያት፣ ፎጣውን ሳታሺ ጫን ጫን አድርጊና ገላዋ ገና እርጥብ እያለ ቀቢያት። ከዚያ በፊት ግን የምስር ፍሬ የምታህል ክንዷ ላይ ቀብተሽ 2 ቀን ጠብቂ። ለውዝ ወይም ሌላ ፍሬ የማይስማማት ከሆነ ሐኪም ሳትጠይቂ እንዳትጀምሪ። ችፌው ውሃ ካዘለ፣ ቢጫ ቅርፊት ከያዘ ወይም ካተኮሰ ምንም ሳትቀቢ ሐኪም ጋ ውሰጃት። የታዘዘላት ቅባት ካለም እንዳታቋርጪ፣ እባክሽ።

ሮማን፦ ፊትሽን ግን ተይው። እኔ ብጉር እያለብኝ ማታ ማታ ስቀባ 2 ሳምንት ሳይሞላ ግንባሬን በጥቃቅን ሽፍታ ሞላው። ተረከዜን ግን እግሬን ዘፍዝፌ ቀብቼው ካልሲ አድርጌ ስተኛ፣ የተሰነጠቀው በሳምንት ለሰለሰልኝ።

የቤዛ እናት፦ ተባረኩ። ክንዷ ላይ ዛሬ እሞክራለሁ። ቀን ከቤት ስትወጣ ለፀሐይ ይከላከልላታል?

ፋርማሲ የምሠራ፦ አይከላከልም። ባርኔጣ አድርጊላት፣ ክንዷንም በስስ ጥጥ ልብስ ሸፍኚው።