ገበያው ተከፈተ ተባለ፣ ዳኛው ማነው? (የድሬ ልጆች ክርክር)

የለገሃሬ ልጅ፦ ጀመዓ ትናንት በርጫ ላይ የተነሳች ወሬ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። ቴሌኮሙ ተከፈተ፣ የብሩ ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ ይወሰን ተባለ፣ ጅምላና ችርቻሮው ለውጭ ባለሀብት ተፈቀደ፣ የባንኩም አዋጅ ተከተለ። እና ጥያቄዬ፣ የውድድር ሕግ የሚባለው ነገር አሁን ያስፈልገናል ወይስ ፉክክሩ ራሱ ያስተካክለዋል? አንዱ «ሕግ ከመጣ ደሞ ምኑን ተከፈተው» ብሎኝ መልስ አጣሁ።

ሳቢያን፦ ልክ ነዋ። ሳፋሪኮም ነሐሴ 2014 ላይ መጀመሪያ ኔትወርክ የለቀቀው እዚሁ ድሬ ነው፣ ከአዲስ አበባ በፊት። ሲም ያወጣን ቀን የውድድር ሕግ ያነበበ ነበር? ሁለተኛ ሻጭ ሲመጣ የመጀመሪያው ይደነግጣል፣ ጥቅሉን ያሻሽላል፣ አለቀ። መንግስት እጁን ሲያስገባማ አይተነዋል፣ 2003 ተረሳ እንዴ? ዘይትና ስኳር ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣሉና ዕቃው ከመደርደሪያ ጠፋ፣ እናቴ ለአንድ ሊትር ዘይት ሶስት ሰፈር ነው የዞረችው።

የሕግ ተማሪ፦ አቦ እሱ የዋጋ ተመን ነው፣ ሌላ ነገር ነው። የውድድር ሕግ በስንት ሸጥክ አይልህም፣ ዋጋውን ከማን ጋር ተማክረህ ቆረጥክ ነው የሚልህ። ደሞ ቴሌኮሙም ያለ ሕግ አልተከፈተም። መጀመሪያ የኮሙኒኬሽን አዋጁ 1148/2011 ወጣ፣ ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤት ተቋቋመ፣ ከዛ ነው እነ ሳፋሪኮም 850 ሚሊየን ዶላር ከፍለው ፈቃድ የወሰዱት። ከሳፋሪኮሙ 07 ወደ ኢትዮ ቴሌኮሙ 09 ስትደውል አንዱ ሌላውን የማገናኘት ግዴታ ባይኖርበት ያ ሲም ለጓደኛህ ብቻ የምትደውልበት መጫወቻ ነበር የሚሆነው። የሞባይል ገንዘቡን ደግሞ እየው፣ የኢትዮ ቴሌኮሙ ቴሌብር ግንቦት 2013 ጀመረ፣ የሳፋሪኮሙ ኤምፔሳ ነሐሴ 2015 ነው የገባው። ከሁለት ዓመት በላይ አንዱ ብቻውን ሮጦ ባጃጁም ሱቁም የሱ ከሆነ በኋላ ሌላውን ና ተወዳደር ማለት ምን ዓይነት ሩጫ ነው?

ቀፊራ ሱቅ፦ እናንተ ስለ ሲም ታወራላችሁ እኔ ስለ ዘይት ላውራችሁ። ባለፈው ዘይት ልጭን ጅምላ ሄድኩ፣ ሰውየው አስር ካርቶን ዘይት ከፈለግክ አምስት ካርቶን ፓስታ አብረህ ትወስዳለህ አለኝ፣ ፓስታው ደሞ ማንም የማይገዛው ድስት ውስጥ ሊጥ የሚሆነው ነው፣ እሺ ሌላ ጋር ልሂድ ብዬ ከጎኑ ያለው ገባሁ እሱም ያው ፓስታ ያው ዋጋ፣ ሶስተኛው ጋርማ ገና ሳልገባ «ፓስታውን ካልፈለግክ አትልፋ» አለኝ፣ ተደዋውለዋል ማለት ነው። ወሰድኩ፣ ምን ላድርግ። ፓስታው ላይ የከሰርኩትን ዘይቱ ላይ ትንሽ ጣል ሳደርግ ግብረ ሃይል መጣና ዋጋ ጨምረሃል ብሎ ሱቄን አራት ቀን አሸገው። ጅምላዎቹን ማን ጠየቀ? ማንም።

የሕግ ተማሪ፦ ይኸው! አጣምሮ ማስገደድ ይባላል፣ ገበያውን የያዘ ነጋዴ ካደረገው አዋጅ 813/2006 ይከለክለዋል። ተደዋውለው ዋጋ መቁረጣቸው ደግሞ የባሰ ጥፋት ነው።

ሳቢያን፦ ሕጉ አለ ማለት ነው እንግዲህ። ምን ሰራ?

የሕግ ተማሪ፦ አለ። መጀመሪያ በ1995 ወጣ፣ በ2002 ተቀየረ፣ በ2006 እንደገና። ቅጣቱም የዋዛ አይደለም፣ ገበያውን ያለአግባብ የተጠቀመበት ከዓመት ሽያጩ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው የሚከፍለው። ራሱን የቻለ ባለስልጣን መስሪያ ቤትም ነበረው፣ በ2014 አፈረሱትና ስራውን ለንግድ ሚኒስቴር ሰጡት። የኔ ቅሬታ እዚህ ጋ ነው። መንግስት ራሱ ቴሌ አለው፣ ንግድ ባንክ አለው፣ ስኳር ፋብሪካ አለው፣ ተጫዋቹም ዳኛውም አንድ ቤት ነው የሚያድሩት።

ጀጎል፦ ድሬዎች ከዘይትና ከፓስታ አትወጡም 😂 እኛ ጋ ሐረር ቢራ በ2003 ለሃይነከን ተሸጠ፣ ከበደሌ ጋር ሁለቱ በ163 ሚሊየን ዶላር። ብዙ ሰው አለቀስን፣ ግን እውነቱን ለመናገር ከዛ በኋላ የቢራ ፉክክሩ ጦፈ እንጂ አልቀዘቀዘም። የውጭ ሰው መግባቱ አይደለም የሚያስፈራው፣ የገቡት እርስ በርስ ሲገዛዙ ነው። ሜታ ቢራን ዲያጆ የሚባል የውጭ ኩባንያ ይዞት ነበር፣ በ2014 ለካስቴል ሸጠው፣ ካስቴል ማለት ጊዮርጊስን የሚጠምቀው ነው። ሁለት ተፎካካሪ አንድ ኪስ ሲገባ ቁጭ ብሎ የሚያጣራ ሰው ያስፈልጋል፣ ይሄን ገበያው በራሱ አያይልህም።

ሳቢያን፦ እሺ ጀጎል ያልከው ገብቶኛል፣ መዋሃዱ ላይ ሕግ ይኑር። ግን ድሬን እስከዛሬ ከጅምላ ነጋዴ ያዳናት ታይዋን የምንለው የኮንትሮባንድ ገበያችን ነው ወላሂ። በጅቡቲም በሶማሌላንድም የሚገባው ዕቃ ባይኖር ፓስታ ብቻ አይደለም ሳሙናም እየጫኑብን ነበር። የኛ የውድድር ባለስልጣን ኮንትሮባንድ ነው።

ቀፊራ ሱቅ፦ እሱ ላንተ ለገዢው ነው፣ ቀረጥ ከፍሎ ለሚሸጥ ሰው እሱም ሌላ ፓስታ ነው።

የገንደ ቆሬ እናት፦ ልጆች እኔ አዋጁን አላውቅም፣ ግን የሱቁ ልጅ ታሸገበት ያላችሁት በጣም አናደደኝ። ዘይት ሲወደድ ትንሿን ሱቅ ይዘጋሉ፣ ትልቁ መጋዘን ጋ መኪና ሲራገፍ ቆመው ያያሉ። ለምንድነው መጋዘን የማይታሸገው?

የሕግ ተማሪ፦ እናቴ ትንሹን ማሸግ ግማሽ ሰዓት ነው፣ መጋዘኑን ለመክሰስ ማን ከማን ጋር ተነጋገረ የሚለውን ማስረጃ መሰብሰብ አለባቸው፣ እሱ ወራት ይፈጃል፣ ኢኮኖሚስትም ይፈልጋል። ቀፊራ አንተ ግን አቤት ማለት ትችላለህ። ደረሰኙ ላይ ዘይቱና ፓስታው እንዴት ነው የተጻፈው?

ቀፊራ ሱቅ፦ ደረሰኝ? 😂😂 አቦ ደረሰኝ ብጠይቀው ዘይቱንም አይሰጠኝ። ቢሰጠኝስ፣ የከሰስኩት ሰውዬ ጋ በሚቀጥለው ሳምንት ልጭን ልመለስ ነው?

የሕግ ተማሪ፦ ...

የለገሃሬ ልጅ፦ ዛሬም መልስ ሳላገኝ ልተኛ ነው በቃ።

የገንደ ቆሬ እናት፦ አንተ ልጅ ያን ፓስታ በስንት ትሰጠኛለህ? ለሾርባ ይሆነኛል።