በቀላል ነፋስ የሚሄድ የዊንድሰርፊንግ ሰሌዳ (ሸራ ተተክሎበት በነፋስ የሚነዳ የባሕር ሰሌዳ)፦ የትኛውን ልግዛ?

የቀርሜሎስ ሥር፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሃይፋ ነው፤ ዕድሜዬ 46፣ ክብደቴ 84 ኪሎ። ባለፈው በጋ ባት ጋሊም የባሕር ዳርቻ ላይ ትምህርት ወሰድኩ፤ በአስተማሪዬ ሰፊ ሰሌዳ ላይ ስቆም ጀግና ነበርኩ። ከዚያ ያገለገለ ሰሌዳ ገዛሁ። ሻጩ «ፈጣን ነው» አለኝ፤ ፍጥነቱን ግን እስከ ዛሬ አላየሁትም። 105 ሊትር ነው። ሸራውን ለማንሳት ገመዱን ስስብ ሰሌዳው ከእግሬ ሥር ይሰጥማል፣ ውሃው ጉልበቴ ይደርሳል። እንደ ምንም ከተነሣሁ ደግሞ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ጎን ነው የምሄደው። ቅዳሜ ከገባሁበት ግማሽ ኪሎ ሜትር ርቄ ወጣሁና ሰሌዳውን በጋለ አሸዋ ላይ ተሸክሜ ተመለስኩ። ስሄድ ባለቤቴ አቦሉን እየቀዳች ነበር፤ ስመለስ በረካው አልቆ ጀበናው ታጥቧል።
ከሥራ በኋላ የማገኘው ነፋስ ከ8 እስከ 10 ኖት (በሰዓት ከ15 እስከ 19 ኪሎ ሜትር ገደማ) ነው። ትልቅ ሸራ ልግዛ ወይስ ሰሌዳውን ልቀይር?

ገሊላ፦
ወንድሜ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። አንድ ሊትር የሚያንሳፍፈው አንድ ኪሎ ያህል ነው። የእርስዎ 84፣ ሸራው ከነምሰሶው 10 ገደማ፣ ሰሌዳው ራሱ 8፤ 102 ሞላ። ለረጠበ ልብስዎ የተረፈው ሦስት ሊትር ነው! እንዲህ ያለው ሰሌዳ ሰው የሚሸከመው ብርቱ ነፋስ ውሃው ላይ ሲያንሸራትተው ብቻ ነው። ትልቅ ሸራ መጨመር ክብደት መጨመር ነው።
ወደ ጎን የሚወስድዎትም ሌላ ሳይሆን ኋላ ያለችው ትንሽ ክንፍ ናት፤ ፍጥነት ከሌለ ውሃውን አትይዝም። የሚያስፈልግዎት ረጅም ሰሌዳ፣ መሃሉ ላይ ወደ ውሃ የሚወርድ ትልቅ ክንፍ ያለው ነው። ወደ ተነሡበት የሚመልስዎት እርሱ ነው። ጋል ፍሪድማን በ2004 አቴንስ ላይ ለእስራኤል የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ ያመጣው እንዲህ ባለ ሰሌዳ ነበር፤ ሚስትራል ዋን ዲዛይን ይባላል። ርዝመቱ 372 ሳንቲ ሜትር፣ ሸራው 7.4 ካሬ ሜትር፣ ከ200 ሊትር በላይ። ከዚያ ወዲህ ለኦሎምፒክ ስለማይውል አሮጌው በርካሽ ይገኛል። ስፋቱ 63.5 ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ ያንገዳግዳል፤ ይለምዱታል።
ሊገዙ ሲሄዱ ሚዛን ይያዙ። ከ17 ኪሎ በላይ ከሆነ ውሃ ጠጥቷል። አፍንጫውንና የመሃሉን ቀዳዳ ዙሪያ በአውራ ጣት ይጫኑ፤ ከሰረጎደ ትተውት ይሂዱ።

ፎይል ወዳዱ፦
በዚህ ዘመን ረጅም ሰሌዳ? የእኛው ቶም ረኡቬኒ በ2024 የኦሎምፒክ ወርቁን ያገኘው በፎይል ነው፤ ከሰሌዳው ሥር ውሃ ውስጥ ገብቶ ሰሌዳውን ወደ ላይ በሚያነሣው ክንፍ። እኔ በ10 ኖት፣ በ6 ካሬ ሜትር ሸራ ከውሃው በላይ ተነሥቼ እሄዳለሁ።

ገሊላ፦
አንተ ልጅ፣ እርሳቸው ገና ሸራ ማንሳት ላይ ናቸው! የፎይል እግር ውሃ ውስጥ አንድ ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ጥልቀት በሌለበት መሬት ይነካል፣ ሲወድቁበትም ስለት ነው። ለከርሞ ይደርሳል።
አንድ ነገር ደግሞ፦ ነፋሱ ከምሥራቅ ከሆነ፣ ቢያምርም፣ አይግቡ። ከየብስ ወደ ባሕር ይገፋልና ያኔ ተሸክመው የሚመለሱበት አሸዋ የለም።

የቀርሜሎስ ሥር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ አንድ አይቼ መጣሁ፤ 16 ኪሎ፣ አፍንጫው ደህና ነው። የመሃሉ ክንፍ ግን ሲወርድ በጣም ይጠብቃል፤ በእግሬ ረግጬ ነው ያወረድኩት። ይህ ችግር ነው?

ገሊላ፦
አይደለም፤ አሸዋ ገብቶበት ይሆናል። አውጥተው ጨው በሌለው ውሃ ይጠቡት። የሚያስፈራው ልል ሲሆን ነው፤ እየሄዱ ራሱ ይወጣል። በዚያ ሰበብ ግን ዋጋ ያስቀንሱ።