ስካን የተደረገ የአማርኛ መጽሐፍ ለዓይነ ስውር ተማሪዎች እንዴት ላስነብብ?

ዓይኔ የጠፋው ሰባተኛ ክፍል እያለሁ ነው። ብሬል ተማርኩ፣ ኋላም ኮምፒውተር ለምጄ ዩኒቨርሲቲ ጨረስኩ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ዓይነ ስውር የሆኑ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ልጆችን ኮምፒውተር አስተምራለሁ፤ እኔ ሰው እስኪያነብልኝ ደጅ እንደጠናሁት እነሱ እንዲጠኑ አልፈልግም።

ያለን ሁለት አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ኤንቪዲኤ የሚባለውን፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ነፃ ፕሮግራም ጭኛለሁ፣ ኢስፒክ የሚባለው ድምፁ አማርኛም ያነባል። ድምፁ ደረቅ ነው፣ ልጆቹ ግን ለምደውታል። ችግሩ መጽሐፎቹ ናቸው። የምናገኘው ፒዲኤፍ ስካን የተደረገ ምስል ስለሆነ ኤንቪዲኤ ገጹ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። ጎግል ድራይቭ ላይ ጭኜ በጎግል ዶክስ ከፈትኩት፤ ጽሑፉ ወጣ፣ ግን «ሰው» የሚለው «ለው» እየሆነ፣ ሰንጠረዡም ከአንቀጹ ጋር እየተደባለቀ ነው። ቴሴራክት የሚባለውን፣ ምስል ላይ ያለውን ፊደል ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ነፃ ፕሮግራምም በአማርኛ ሞከርኩት። ፊደሉ ትንሽ ተሻለ፣ ሰንጠረዡ ግን ያው ነው። የሚያይ ሰው ገጽ በገጽ ያርምልኝ ብል ደግሞ የልጆቹ ፈተና አይጠብቅም።

ሰንጠረዥና ሁለት ዓምድ ያለውን የአማርኛ ገጽ ቅደም ተከተሉን ሳያዛባ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር፣ ያለ ማውስ በኪቦርድ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም ከእናንተ መካከል የተጠቀመ አለ?