«ቢበዛም አይጎዳም» ያለው ማነው?

መስከረም፦ ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ የተለጠፈው የአንቲኦክሲዳንት (ሕዋስን ከጉዳት ይከላከላል የሚባል ንጥረ ነገር) እንክብል ማስታወቂያ አናዶኛል። «ከዕፅዋት የተገኘ ስለሆነ ቢበዛም አይጎዳም» ይላል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ያጨሰ ሰው ነው። ብልቃጡን ትራሱ አጠገብ አስቀምጦ በቀን ሦስቴ ይውጣል። ጀርባው ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳነበው ቤታ ካሮቲን ነው።

ዳዊት፦ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ካሮት ውስጥ ያለ ነገር እኮ ነው። ካሮት ማንን ገደለ?

መስከረም፦ ስለ ካሮት አላወራሁም፤ ስለ እንክብሉ ነው። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሽ ወንዶች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ1994 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። በቀን 20 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር ካልወሰዱት በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ።

ዳዊት፦ በአንድ ጥናት ይህን ሁሉ ጩኸት?

ዮናስ፦ አንድ አይደለም። አሜሪካም ተመሳሳይ ሙከራ ነበር። ጉዳቱ ስለታየ በ1996 እ.ኤ.አ. ከታሰበው 21 ወር ቀድሞ ተቋረጠ።

ጋሽ ታደሰ፦ ቆዩ እስቲ ልጆች። አትክልትና ፍራፍሬ ብሉ ሲሉን የኖሩት ታዲያ ውሸት ነው?

ዮናስ፦ አይደለም ጋሼ፣ ይብሉ። ምግቡ ይጠቅማል። ጥቅሙ ከአንቲኦክሲዳንቱ ብቻ ነው የሚለው ነው ያላሳመነኝ። ፍሬው ውስጥ ፋይበርም ፖታሲየምም አለ። ፍላቮኖይድ የሚባሉት የዕፅዋት አንቲኦክሲዳንቶች ደግሞ ወደ ደም የሚገቡት በጥቂቱ ነው። የገባውንም ሰውነት ቶሎ ለውጦ ያስወጣዋል። አንድ ነገር ሙከራ ቱቦ ውስጥ ፍሪ ራዲካል የሚባሉትን ሕዋስ የሚጎዱ ሞለኪውሎች ስላጠፋ ሰው ውስጥም እንደዚያው ይሠራል ማለት አይደለም።

ሄለን፦ ሁሉንም በአንድ ላይ አታጣጥሉ እንጂ! እናቴ ማኩላዋ (አጥርቶ ለማየት የሚያገለግለው የዐይን ውስጥ ክፍል) ተጎድቶ የዐይን ሐኪሟ ሉቲን የሚባል የዕፅዋት አንቲኦክሲዳንት ያለበት እንክብል አዞላታል።

ዮናስ፦ ያ በሐኪም የታዘዘ ነው፣ ሄለን። እዚያም ቢሆን ቀድሞ የነበረው ቤታ ካሮቲን በሉቲንና ዘመዱ በሆነው ዚያዛንቲን የተተካው ለአጫሾች ስለተፈራ ነው።

ሄለን፦ እሱን መጀመሪያ ብትል ምን ነበረበት? እናቴ ብታነበው መድኃኒቷን ታቆም ነበር።

ዳዊት፦ እሺ፣ ከሥሩ «ለአጫሽ አይሆንም» ብዬ እጨምራለሁ። ማስታወቂያውን ግን አላነሳም።

መስከረም፦ «ቢበዛም» የምትለዋን አውጣት።

ዳዊት፦ እሷ የኔ አይደለችም፤ ብልቃጡ ላይ ያለች ናት።

መስከረም፦ አባቴም ያነበበው እሷኑ ነው፣ ዳዊት።